ሽጉጥ ለመያዝ የማን ፈቃድ? ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሳ ጥያቄና 22 መልሶች

የውይይት ክሩን (ጥያቄውና መልሶቹ በኢንተርኔት የተጻፉበትን) የከፈተው ሰው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው የግሪን ካርድ ባለቤት ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ ከ1791 ጀምሮ የሕዝብ መሣሪያ የመያዝ መብት አይጣስም ይላል ብሎ ጀመረ (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ የእኛ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆቹ ናቸው)። ታዲያ ወንጀል የሌለበት ነጋዴ አሻራ ሰጥቶ፣ ኮርስ ተምሮ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ሳምንት ጠብቆ የሚያገኘው ነገር መብት ነው ወይስ ችሮታ? የእሱ መልስ ችሮታ ነው የሚል ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀ፦ አሌክሳንድሪያ ያለው ወንድሙ ቨርጂኒያ ገዝቶ ሊሰጠው ይችል እንደሆነ፣ ሱቁ ውስጥ ታጥቆ ለመቆም ሌላ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ግሪን ካርድ መያዙ ራሱ ያግደው እንደሆነ።

ክሩን ከዳር እስከ ዳር ላነበበ ሰው አንድ ነገር ይታያል። ክርክሩ ሁሉ ስለ ሁለተኛው ማሻሻያ ነው፤ የእኛን ሰው ለእስር ወይም ለአገር መባረር የሚዳርገው ግን ከፍልስፍናው በታች ያለው ጥቃቅን ነገር ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ፈረመ፣ መሣሪያው መኪናው ውስጥ የት ተቀመጠ። መልሶቹን በዚሁ ዓይን አልፋቸዋለሁ።

መልስ 1 በሰላምታ ጀምሮ ሦስተኛውን ጥያቄ መለሰ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛትም መያዝም ይችላል፤ የግዢ ቅጹ ላይ ዜግነቱን በትክክል ጽፎ የኤ ቁጥሩን (የስደተኛ መለያ ቁጥሩን) ያስገባል። በጉብኝት፣ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ የገባ ሰው ግን በመሠረቱ ታግዷል፤ ከጥቂቶቹ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። መላሹ የጨመረው ማስጠንቀቂያ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። እገዳው መግዛትን ብቻ ሳይሆን መያዝንም ስለሚጨምር፣ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣ የአክስት ልጅ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ተወስዶ ሽጉጥ ቢያስጨብጡት፣ ለመዝናናት ነበር የሚለው ምክንያት አያድነውም።

መልስ 2 ሰላምታ የለውም። ወንድምህ የሚባለውን ነገር ዛሬውኑ ተወው ብሎ ገባ። የመሣሪያ ነጋዴው ዘንድ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ 4473 ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎቹ አንዱ፣ የዚህ መሣሪያ እውነተኛ ገዥ አንተ ነህን የሚል ነው። በአንተ ገንዘብ ለአንተ የሚገዛ ወንድም አዎ ካለ ዋሸ። ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በ5 ለ4 ድምፅ የወሰነውን የአብራምስኪን ጉዳይ ነው። የቀድሞ ፖሊስ የነበረ የቨርጂኒያ ሰው ፔንሲልቫኒያ ላለ አጎቱ በአጎቱ ገንዘብ ሽጉጥ ገዛ፤ አጎቱም ራሱ መግዛት የሚችል ሰው ነበር፤ ሆኖም ጥፋተኛ የተባለው ውሳኔ ጸና። በሐሰት መግለጫ የሚመጣው እስከ 10 ዓመት ነው፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ በሌላ ሰው ስም መግዛትን ራሱን የቻለ ወንጀል ያደረገ የፌዴራል ሕግ ስላለ እስከ 15 ዓመት ሊደርስ ይችላል። በእኛ ዘንድ ወንድም ለወንድም ዕቃ ገዝቶ መላክ የደግነት ሥራ ነው፤ ለዚህ ነው ይህ መልስ በቁጣ መጻፉን ያልጠላሁት።

መልስ 3 ቁጣውን አለዝቦ ልዩነቱን አሳየ። ወንድምየው በራሱ ገንዘብ፣ ብድሩን ሳይቆጥር፣ ከልቡ ስጦታ ከሰጠ እውነተኛ ገዥ እሱ ነው። ግን ሁለቱ የሚኖሩት በተለያየ ስቴት ስለሆነ ሽጉጡን በእጁ ይዞ ድልድዩን ተሻግሮ ሊያስረክብ አይችልም። ፈቃድ ባለው የሜሪላንድ የመሣሪያ ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት፤ ተቀባዩም የሜሪላንድን ሂደት በሙሉ ይጨርሳል። ስለዚህ በወንድም በኩል መዞሩ አንዲት ቀን እንኳ አያሳጥርም፤ አደጋውን ግን ይጨምራል።

መልስ 4 ረጅም ነው፤ ሂደቱን በተራ አስቀመጠው። ሜሪላንድ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለመግዛት የብቃት ፈቃድ ትጠይቃለች። 21 ዓመት የሞላው የስቴቱ ነዋሪ መሆን፣ ቢያንስ 4 ሰዓት ኮርስ መውሰድ፣ የዲጂታል አሻራ መስጠት፣ 50 ዶላር መክፈል። ፈቃዱ ሲመጣ ሱቅ ሄዶ ሽጉጡን ይመርጣል፣ የስቴቱን ቅጽ 77አር ይሞላል፣ 7 ቀን ይጠብቃል፣ ስቴት ፖሊስ ካላገደው ይረከባል። በ30 ቀን ውስጥ ከአንድ በላይ መግዛት በመርህ ደረጃ አይቻልም። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካርታ በሜሪላንድ መግዛትም መሸጥም ክልክል ነው።

መልስ 5 የጎደለውን ሞላ። ኮርሱ ንግግር ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ቢያንስ አንድ ጥይት ተኩሶ በጥንቃቄ መያዙን ማሳየት አለበት፤ በኢንተርኔት ብቻ ጨረስኩ የሚል የምስክር ወረቀት ዋጋ የለውም። የኮርሱ ወረቀት ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 3 ዓመታት ውስጥ የተገኘ መሆን አለበት። ስቴት ፖሊስ ለማመልከቻው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ እስከ 30 ቀን ነው፤ ፈቃዱም 10 ዓመት ያገለግላል። የአሻራው ክፍያ ከ50 ዶላሩ ውጭ ለአሻራ አንሺው የሚከፈል ነው፤ ኮርሱም እንዲሁ።

መልስ 6 ለእኔ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው ነው፤ ስለ ስማችን ነውና። አበሻ ቅጽ ላይ የሚሰናከለው በወንጀል ሳይሆን በስም ነው ይላል። ግሪን ካርዱ ላይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቶ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ የአያት ስም ይገኛል፤ አንዱ ላይ በሁለት ኤስ፣ ሌላው ላይ በአንድ ኤስ ተጽፏል፤ የትውልድ ቀኑም ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ ተሳስቶ ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዓመት ሆኗል። የተለመደ ስም ከሆነ ደግሞ ከሌላ ሰው መዝገብ ጋር ይምታታል። መፍትሔውን በዝርዝር አስቀመጠ። ከማመልከት በፊት መንጃ ፈቃዱንና ግሪን ካርዱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማስተያየት፤ ልዩነት ካለ መጀመሪያ እሱን ማስተካከል። የመካከለኛ ስም ከሌለ ቦታውን ባዶ አለመተው፣ ቅጽ 4473 የሚያዘውን ኤንኤምኤን (መካከለኛ ስም የለም) የሚለውን ምልክት መጻፍ። አድራሻው መንጃ ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ቤት ቀይሮ አድራሻ ያልቀየረ ሰው እዚያው ይመለሳል፤ የፖስታ ሳጥንም አይሠራም። ካውንቲ የሚለው ላይ ሞንጎመሪ ይጻፋል፤ በከተማ ክልል ውስጥ ትኖራለህ ለሚለው ግን ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ከተማ አስተዳደር ስለሌለው መልሱ አልኖርም ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በፈቃደኝነት የሚሞላ ቢሆንም ለስመ ሞክሼ ሰው መሙላቱ ይጠቅመዋል። የወንጀል መዝገብ ማጣሪያው በተደጋጋሚ የሚዘገይበት ሰው ለኤፍቢአይ አሻራ ልኮ ልዩ መለያ ቁጥር ማውጣትና ያንን ቁጥር ቅጹ ላይ ማስገባት ይችላል።

መልስ 7 ስለ ጫት አነሳ፤ እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። ቅጹ ሕገወጥ የአደንዛዥ ወይም የአነቃቂ ዕፅ ተጠቃሚ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ እጅግ ጥብቅ በሆነው አንደኛ ምድብ ውስጥ ነው። ዘወትር የሚቅም ሰው የለም ብሎ ቢፈርም በሐሰት መፈረሙ ነው፤ አዎ ቢል መግዛት አይችልም። ማሪዋናም እንዲሁ ነው። ሜሪላንድ በ2023 ለአዋቂዎች ብትፈቅደውም የፌዴራሉ ቅጽ ራሱ የስቴት ፈቃድ ለዚህ ጥያቄ አይሠራም ብሎ ያስጠነቅቃል።

መልስ 8 ተቆጣ። ጫት ባህል ነው፣ አንድም ሰው በጫት ምክንያት ሽጉጥ ሲከለከል አልተሰማም፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሕዝብን ማስፈራራት ነው አለ። መልስ 9 ስሜቱን ሳይነካ መልስ ሰጠ። ባህል መሆኑ ለፌዴራል ዓቃቤ ሕግ መከላከያ አይሆንም፤ ጉዳዩም የሚነሳው በግዢው ቀን ሳይሆን በኋላ በሌላ ነገር ፖሊስ ቤት ሲገባ፣ ጠረጴዛው ላይ ጫት፣ መሳቢያው ውስጥ ሽጉጥ ሲገኝ ነው። እኔም ከ9 ጋር ነኝ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የግድ ነው፤ ሁለቱን ማስማማት አይቻልም።

መልስ 10 የሱቁን ጥያቄ ያዘ። በሜሪላንድ ሕግ ሰው በራሱ ወይም በተከራየው የንግድ ቤት ውስጥ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ ይችላል፤ ኃላፊነት ያለው ሠራተኛም ባለቤቱ ከፈቀደለት በሥራው ላይ እያለ ይችላል። መልስ 11 አስከትሎ ወሰኑን በትክክል አሰመረው። ፈቃዱ በሩ ላይ ያበቃል። ቆሻሻ ለመጣል ወደ ኋላ በር፣ የዘገየ ዕቃ ለመቀበል ወደ መንገድ፣ ከሌሎች ሱቆች ጋር በጋራ ወደሚጠቀሙበት ማቆሚያ ታጥቆ መውጣት ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ይሆናል። ከቤት ወደ ሱቅ ሲወሰድ ሽጉጡ ጥይት አልባ ሆኖ በተዘጋ ሣጥን ወይም በሚከደን ማኅደር ውስጥ መሆን አለበት። በአደባባይ ለመታጠቅ የሚያስፈልገው ፈቃድ ሌላ ነው፤ እሱ 16 ሰዓት ሥልጠናና የተኩስ ፈተና አለው። ሌባ ሲጋራ ይዞ ሲሮጥ ከኋላው መተኮስ ደግሞ በየትኛውም ፈቃድ አይሸፈንም፤ ገዳይ ኃይል ለሕይወት እንጂ ለዕቃ አይፈቀድም።

ከ12 እስከ 15 ያሉት ወደ አገር ቤት ተሻገሩ። መልስ 12 ምንሽርና ውጅግራ ያልያዘ ገበሬ ቢሆን ኖሮ አርበኞች 5 ዓመት ጫካ ባልቆዩ ነበር፣ የታጠቀ ሕዝብ ማለት ይህ ነው ሲል ሁለተኛውን ማሻሻያ ከዚያ ጋር አገናኘ። መልስ 13 ማገናኘቱን አልተቀበለም። የእኛ የ1987 ሕገ መንግሥት መሣሪያ የመያዝ መብት የሚባል አንቀጽ የለውም፤ በእኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ም የሚነሳው ከክልከላና ከፈቃድ ነው። ባህሉ የቱንም ያህል ጥንታዊ ቢሆን በሕግ ፊት አገር ቤት ያለው ፈቃድ ነው፣ አሜሪካ ያለው መብት ነው።

መልስ 14 ከሁሉም የመረረው ነው። ሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ የሽጉጥ ባለቤቶችን ዝርዝር ይይዛል፤ ዝርዝር ያለው መንግሥት አንድ ቀን ይሰበስባል፤ በእኛ አቆጣጠር በ1969 የደርግ አሰሳ ቤት ለቤት መሣሪያ ሲፈለግ ያየ ሰው እንዴት ስሙን በፈቃዱ ይሰጣል ብሎ 4ንና 5ን የሥርዓት አገልጋዮች አላቸው። ስድቡ አላስፈላጊ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነው፤ በዚያ ዘመን ቤቷ የተፈተሸ እናት ያለው ሰው በቅንነት የሚናገረው ነገር ነው። መልስ 15 ስድቡን አልፎ ለፍርሃቱ መልስ ሰጠ። የአሰሳው ኃይል የሽጉጥ መዝገብ ሳይሆን የቀበሌ ጥቆማና ይግባኝ የሌለው ሥልጣን ነበር። እዚህ የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ አገር አቀፍ የባለመሣሪያ መዝገብ ማቋቋምን ይከለክላል፤ በማጣሪያው ያለፈ ገዥ መረጃም በ24 ሰዓት ውስጥ ከፌዴራሉ ሥርዓት ይሰረዛል። የሜሪላንድ መዝገብ ግን አለ፤ 14 በዚህ አልተሳሳተም። ልዩነቱ፣ ስቴቱ አልፎ ቢሄድ የሚከሰስበት ፍርድ ቤት መኖሩ ነው።

መልስ 16 ወደ መነሻው ጥያቄ መልሶ አገባን። በ2008 በሄለር ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 የዋሽንግተን ዲሲን የሽጉጥ ክልከላ ሲሽር መብቱ የግለሰብ ነው አለ፤ በዚያው ውሳኔ ግን በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች መከልከልን፣ እንደ ትምህርት ቤትና የመንግሥት ሕንፃ ያሉ ቦታዎችን፣ ለሽያጭ የሚወጣ ቅድመ ሁኔታን አልነካም አለ። በ2010 መብቱ በስቴቶችም ላይ እንዲጸና ተደረገ። በ2022 በብሩን ጉዳይ ኒው ዮርክ በአደባባይ ለመታጠቅ ልዩ ምክንያት አሳይ ማለቷ ተሻረ፤ በዚያ የተነሳ ሜሪላንድም በቂና ጠንካራ ምክንያት የሚለውን መጠየቅ አቆመች። በ2024 በራሂሚ ጉዳይ ደግሞ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት የፍርድ ቤት ማገጃ የተጣለበትን ሰው ትጥቅ ማስፈታት ይቻላል ተባለ። የሜሪላንድ የብቃት ፈቃድ ራሱ ተከሶ፣ በአንድ የይግባኝ ችሎት ተሽሮ፣ በ2024 በሙሉ ችሎት ጸንቷል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ለማየት ሳይቀበል ቀርቷል። መላሹ ወደየትኛውም ጎን ሳያዳላ፣ ጠያቂው መብት አለኝ ማለቱ ልክ ነው፣ መብት ካለ ፈቃድ አይጠየቅም ማለቱ ግን በፍርድ ቤት ያልቆመ ነው አለ።

መልስ 17 የመዘግየቱን ጥቅም ለማሳየት ቻርለስተንን ጠቀሰ። በፌዴራሉ ሕግ ማጣሪያው በ3 የሥራ ቀን ካላለቀ ነጋዴው መሸጥ ይችላል፤ በ2015 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 9 ሰው የገደለው ሰው ሽጉጡን ያገኘው ማጣሪያው ሳይጠናቀቅ ቀኑ በማለፉ ነው። ሰባት ቀን መጠበቅን እንደ ውርደት ለሚቆጥር ሰው ይህ መልስ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

መልስ 18 እህታችን የጻፈችው ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስለ ማስቀመጥ አንድም ቃል እንዳልተነሳ ታዝባ ጀመረች። በሜሪላንድ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ያለ ተቆጣጣሪ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ መተው ወንጀል ነው። ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ፍራሽ ሥር፣ ሱቅ ውስጥ በካሽ ሬጅስተሩ ሥር ማስቀመጥ መደበቅ እንጂ መቆለፍ አይደለም። ትንሽ ካዝና ሲገዛ ከወለል ወይም ከመደርደሪያ ጋር በቡሎን ይታሰር፤ አለበለዚያ ሌባው ካዝናውን ከነሽጉጡ ያነሳዋል። ባትሪ ላይ የሚሠራ ከሆነ መጠባበቂያ ቁልፉ ካዝናው ውስጥ አይቀመጥ። ነጋዴው ከሽጉጡ ጋር የሚሰጠው የሽቦ ቁልፍም ጣለው ተብሎ የተሰጠ አይደለም።

መልስ 19 የሽቦ ቁልፉ እንዴት እንደሚገባ አስረዳ፤ ብዙ አደጋ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነውና ቅደም ተከተሉን እንዳለ ልያዘው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል፣ ጣት ከቃታ ይርቃል። መጀመሪያ ካርታው ይወጣል። ከዚያ በኋላ የላይኛው ብረት ሙሉ ለሙሉ ወደ ኋላ ተስቦ ጎርሶ የነበረው ጥይት ይወድቃል፤ ብረቱ ኋላ ላይ እንደቆመ ጥይት የሚጎርስበት ቀዳዳ በዓይን ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል። ሽቦው በተከፈተው ቀዳዳ ገብቶ በካርታው ቦታ በታች ይወጣና ይቆለፋል። ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ነው። ካርታው ሳይወጣ ብረቱ ከተሳበ አንዱ ጥይት ወድቆ ሌላው ይጎርሳል፤ ቀጥሎ ካርታውን አውጥቶ ባዶ ነው ያለው ሰው ባዶ ባልሆነ ሽጉጥ ቃታ ይስባል።

መልስ 20 በቁጥር ጣልቃ ገባ። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሞቱት 46,728 ሰዎች 27,300ዎቹ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ሱቅ ለሚዘርፍ ሌባ ተብሎ የገባ ሽጉጥ በብዛት ሕይወት የሚያጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ቤት ውስጥ የተጨነቀ ሰው ካለ ሽጉጡ ለጊዜው ከቤት እንዲወጣ መደረግ አለበት አለ። በእኛ ማኅበረሰብ የሚሸፋፈን ጉዳይ ነው፤ ማንም መልስ አልሰጠበትም፤ መስጠት ነበረበት።

መልስ 21 ለሾፌሮችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ነው። ኡበርና ሊፍት ሾፌርም ተሳፋሪም መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላሉ። ሜሪላንድም ሆነች ዲሲ የሌላ ስቴት የመታጠቅ ፈቃድ አይቀበሉም፤ ቨርጂኒያ ላይ ሕጋዊ የሆነ ታጣቂ ድልድዩን ሲሻገር ወንጀለኛ ነው። የ1986ቱ ሕግ መተላለፍን የሚጠብቀው መነሻውም መድረሻውም ላይ መያዝ ሕጋዊ ከሆነ፣ ሽጉጡ ጥይት አልባ ከሆነና እጅ ከማይደርስበት ከሆነ ነው፤ የኋላ ዕቃ መጫኛ የሌለው መኪና ከሆነ በተቆለፈ ሣጥን፤ ዳሽቦርዱ ሥር ያለው መሳቢያ አይቆጠርም። በመቀጠል ዋናውን ነገር ጻፈ። የስደተኞች ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በማንኛውም የመሣሪያ ሕግ ጥሰት አንድ ጊዜ ከተፈረደበት፣ ቅጣቱ ቀላል ቢሆንም፣ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ዜጋው ጎረቤቱ በመቀጮ የሚገላገለው ጥፋት ለግሪን ካርዱ ባለቤት 20 ዓመት የሠራበትን ሱቅ ያሳጣዋል። ስለዚህ ዓቃቤ ሕጉ ቀላል ድርድር ሲያቀርብ ከመፈረም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማየት ያስፈልጋል፤ ከ2010 ጀምሮ የወንጀል ጠበቃውም ይህን መዘዝ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። የድሮ ክስም አይረሳ፤ በሜሪላንድ ሁለተኛ ደረጃ ድብደባ ቀላል ወንጀል ቢባልም እስከ 10 ዓመት ስለሚያስቀጣ፣ ከዓመታት በፊት ክለብ በር ላይ በተነሳ ጠብ የተፈረደበት ሰው ሽጉጥ አይገዛም።

ጠያቂው ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ። የብቃት ፈቃዱ ሸክም ነው የሚለውን አልለወጠም፤ ወንድሙን ግን ተው እንዳለው ጻፈ። አንድ ነገር ጨምሮ ጠየቀ፦ ኮርሱን በአማርኛ የሚያስተምር ይኖር ይሆን? መልስ 22 አጭር ነው። አስተማሪው በሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ የተመዘገበ የሽጉጥ አስተማሪ መሆን አለበት፤ ቋንቋው ምንም ይሁን ምን፣ ከመክፈል በፊት የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቆ ስሙን በስቴት ፖሊሱ ዝርዝር ላይ ማየት ይገባል።